ቀርጻችሁ ያስቀመጣችሁት የኤክሴል ማክሮ የፋይሉ ስም ሲቀየርም እንዲሠራ

«ማክሮው የሐምሌን ፔይሮል ሠራልኝ፤ የነሐሴን ስከፍትለት ግን እምቢ አለ።» ከገላን መጋዘኖች፣ ከዱከም ፋብሪካዎች፣ ከቱሉ ዲምቱ ትምህርት ቤቶች የሚደውሉልኝ የሒሳብና የንብረት ክፍል ሠራተኞች ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ይኸው ነው። ማክሮ ማለት ኤክሴል ላይ የሠራችሁትን ቀርጾ ይዞ በኋላ በራሱ የሚደግምላችሁ ትእዛዝ ነው። አንዱ ማክሮው እንዲሠራለት ብሎ የፋይሉን ስም በየወሩ ወደ «ሐምሌ» ይመልሳል። ሌላዋ በየወሩ እንደ አዲስ ትቀርጻለች። ሁለቱም አያስፈልግም። ፕሮግራም መጻፍ ባትችሉም የሚከተለውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ትጨርሱታላችሁ።

መጀመሪያ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ልንገራችሁ፤ ይህ ከገባችሁ የቀረው ቀላል ነው። ማክሮ ስትቀርጹ ኤክሴል የነካችሁትን ሁሉ በስሙ ይጽፋል። የፋይሉን ስም፣ የሺቱን ስም፣ የሴሉን አድራሻ። ልጅ ሱቅ ስትልኩ «ከእገሌ ሱቅ ስኳር ግዛ» ካላችሁት፣ የእገሌ ሱቅ ሲዘጋ ባዶ እጁን ይመለሳል። «አጠገባችን ካለው ሱቅ ግዛ» ብትሉት ግን ገዝቶ ይመጣል። እኛም የምንሠራው ይህንኑ ነው፤ «ሐምሌ የተባለውን ፋይል» የሚለውን «አሁን ከፊት የተከፈተውን ፋይል» በሚለው እንተካለን።

የሚያስፈልጋችሁ

- ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተርና በላዩ የተጫነ ኤክሴል፣ 2010 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ። በስልክና በብራውዘር የሚከፈተው ኤክሴል እንዲህ ዓይነት ማክሮ አይቀርጽም።
- የምትሠሩበት ፋይል ሦስት ኮፒ። ስማቸው ይለያይ፤ የረድፎቻቸው ብዛትም ይለያይ።
- ወረቀትና እስክሪብቶ።
- ዋናው ፋይል ተገልብጦ የተቀመጠበት ፍላሽ።

አንድ ማሳሰቢያ። የኤክሴልን ትእዛዞች እዚህ የጻፍኩት እንደሚነበቡት ነው። ስክሪናችሁ ላይ በላቲን ፊደል ታገኟቸዋላችሁ፤ ስትጽፉም በላቲን ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፣ ሳትጀምሩ አንብቡት

ማክሮ የሠራው ሥራ በኮንትሮል ዜድ አይመለስም። ስለዚህ ልምምዱ ሁሉ በኮፒው ላይ ይሁን። ደግሞ «ማክሮ እንዲሠራልኝ» ብላችሁ በደኅንነት ማስተካከያው ውስጥ ሁሉንም ማክሮ የሚፈቅደውን ምርጫ አትክፈቱ። ከቢሮ ቢሮ በሚዞር ፍላሽ ማክሮ ውስጥ የተደበቀ ቫይረስ ሊገባባችሁ ይችላል። አለቃችሁ ቢጠይቃችሁም ምክንያቱን አስረዱት እንጂ አትክፈቱት።

ለምሳሌ የምንሠራው

አምድ ኤ ላይ የሠራተኛ ስም፣ አምድ ቢ ላይ መነሻ ደመወዝ አለ። አምድ ሲ ላይ ከሠራተኛው የሚቆረጠውን 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ማስላት እንፈልጋለን። የመጀመሪያው ረድፍ የአምዶቹ ርዕስ ነው። ፋይሉ አንድ ወር 40 ሰው፣ ሌላ ወር 63 ሰው ሊኖረው ይችላል።

1. ዴቨሎፐር የሚለውን ማውጫ አውጡ

ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ከስተማይዝ ሪበን ግቡ። በቀኝ በኩል ካለው ዝርዝር «ዴቨሎፐር» ላይ ምልክት አድርጉና ኦኬ በሉ። መቅረጫውም ማስተካከያውም እዚያ ይሰበሰቡላችኋል። አንዴ ካወጣችሁት አይጠፋም።

2. የምትሠሩትን በወረቀት ጻፉ

የምትጫኑትን ቁልፍ በቅደም ተከተል ጻፉ፤ በልምምድ ኮፒ ላይ አንዴ ሞክሩት። መቅረጫው የተሳሳተውንም እርምጃ፣ እርማቱንም ይጽፋል። ማክሮው ከረዘመ በኋላ ለማስተካከል ስትከፍቱት የትኛው መስመር እንደሚያስፈልግ ይጠፋባችኋል። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። ኋላ ደውሎ የሚጠይቀኝም በብዛት እሱ ነው።

3. ፋይሉን አስቀድማችሁ ክፈቱ፣ መቅረጹን በኋላ ጀምሩ

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መቅረጽ ከጀመራችሁ በኋላ ፋይል ከከፈታችሁ፣ የፎልደሩ አድራሻና የፋይሉ ስም ሙሉ በሙሉ ማክሮው ውስጥ ይገባል። በሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ወይም ፋይሉ በፍላሽ ሲመጣ፣ ያ አድራሻ የለም። አስቀድሞ ከተከፈተ ግን የሚጻፍ አድራሻ አይኖርም። በተጨማሪም የማትፈልጓቸውን ሌሎች የኤክሴል ፋይሎች ዝጉ። በቅረጻው መሀል ወደ ሌላ ፋይል ብትሻገሩ የዚያ ፋይል ስም ይጻፋል።

4. መቅረጹን ጀምሩ

ዴቨሎፐር ውስጥ «ሪከርድ ማክሮ» የሚለውን ተጫኑ። የሚመጣው ሳጥን ሦስት ነገር ይጠይቃችኋል።

ስሙ በላቲን ፊደል ይሁን፤ በውስጡ ክፍት ቦታ አይኑረው።

አቋራጭ ቁልፉን በሺፍት አድርጉት፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና አንድ ፊደል። ያለ ሺፍት ሲ የሚለውን ፊደል ብትሰጡት፣ ኮፒ የምታደርጉበትን ቁልፍ ማክሮው ይወስድባችኋል።

ሦስተኛው «ስቶር ማክሮ ኢን» የሚለው ነው። «ፐርሰናል ማክሮ ወርክቡክ» የሚለውን ምረጡ። ይህ ኤክሴል በተከፈተ ቁጥር ተደብቆ አብሮ የሚከፈት ፋይል ነው። ማክሮው እዚያ ከተቀመጠ የሐምሌንም የነሐሴንም ፋይል ስትከፍቱ አብሯችሁ አለ። «ዚስ ወርክቡክ» ካላችሁ ግን ማክሮው ከሐምሌ ፋይል ጋር ይቀራል። ያውም በተለመደው ኤክስኤልኤስኤክስ ዓይነት ሴቭ ካደረጋችሁት ማክሮው ይጠፋል። ያ ዓይነት ማክሮ አይዝምና።

5. መነሻውን ቁርጥ፣ የቀረውን አንጻራዊ አድርጉ

«ዩዝ ሪላቲቭ ሪፈረንስስ» የሚል ቁልፍ ከመቅረጫው አጠገብ አለ። ሲጠፋ ኤክሴል «ሲ2» ብሎ አድራሻውን ይጽፋል። ሲበራ «ካለህበት አንድ ወደ ግራ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ያስፈልጉናል።

መጀመሪያ ቁልፉን አጥፉትና ሲ2 ላይ በማውስ ተጫኑ። ማክሮው ምንጊዜም ከዚያ ይነሳል። ከዚያ ቁልፉን አብሩት። መነሻውን ሳታስቀምጡ ከጀመራችሁ፣ ተጠቃሚው ጠቋሚውን የትም ጥሎት ቢሆን ማክሮው ከዚያ ይነሳና የሰው ስም ላይ ቁጥር ይጽፋል።

6. ሥራውን በቁልፍ ሥሩ፣ በማውስ አትጎትቱ

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ በዝግታ ሂዱ።

- ሲ2 ላይ ቀመሩን ጻፉ፦ እኩል ይሆናል፣ ቢ2፣ የማባዣ ኮከብ፣ 7%። ኮንትሮል ይዛችሁ ኢንተር ተጫኑ። ኢንተር ብቻ ከሆነ ጠቋሚው ወደ ታች ይወርድባችኋል።
- የግራ ቀስት አንዴ። ቢ2 ላይ ናችሁ።
- ኮንትሮልና የታች ቀስት። ወደ መጨረሻው ደመወዝ ይወርዳል።
- የቀኝ ቀስት አንዴ።
- ኮንትሮል፣ ሺፍትና የላይ ቀስት። ከታች እስከ ቀመሩ ድረስ ይመረጣል።
- ኮንትሮልና ዲ። ቀመሩ እስከ ታች ይሞላል።

ይህ ሁሉ ዙር ለምን? የሴሉን ጥግ ይዛችሁ ብትጎትቱ፣ ወይም ጥጉን ሁለቴ ብትጫኑት፣ መቅረጫው የረድፉን ብዛት በቁጥር ይጽፈዋል። 40 ሰው የነበረበት ወር ላይ የተቀረጸ ማክሮ 63 ሰው ባለበት ወር 40ው ላይ ይቆማል። ስሕተት እንኳ አይናገርም። 23 ሰው ጡረታው ሳይሰላ ያልፋል። በቀስቶቹ ስትሄዱ ግን የሚጻፈው «መረጃው እስከሚያልቅበት ውረድ» የሚል ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ የደመወዝ አምዱ መሀል ባዶ ሴል ካለ ኮንትሮልና የታች ቀስት እዚያው ይቆማል። ደመወዝ ለሌለው ሰው ባዶ አትተዉ፣ ዜሮ ጻፉ። ፋይሉ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ብቻ ካለ ደግሞ ጠቋሚው እስከ ሺቱ መጨረሻ፣ ረድፍ 1,048,576 ድረስ ይወርዳል፤ ለእንዲህ ያለው ፋይል ማክሮም አያስፈልግ።

ሲጨርሱ «ስቶፕ ሪከርዲንግ» በሉ።

7. ማክሮውን ከፍታችሁ ስሞቹን ፈልጋችሁ አውጡ

አልትና ኤፍ11 ተጫኑ። ማክሮው በጽሑፍ የሚታይበት የኮድ መስኮት ይከፈታል። በግራ በኩል «ፐርሰናል» የሚለውን ዘርጉት፤ «ሞጁልስ» ሥር ሞጁሉን ሁለቴ ተጫኑ።

እዚህ ማንበብ የሚጠበቅባችሁ ድርብ ጥቅስ ውስጥ ያለውን ነው። ጥቅስ ውስጥ የፋይል ስም፣ የሺት ስም ወይም የፎልደር አድራሻ ካያችሁ ማክሮውን የሚያሰናክለው እሱ ነው። ከላይ ያለውን በትክክል ከቀረጻችሁ ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። አስቀድማችሁ የቀረጻችሁት የቆየ ማክሮ ካላችሁ ግን እነዚህን ታያላችሁ።

የፋይል ስም። መስመሩ እንዲህ ይመስላል፦

ዊንዶውስ("ፔይሮል1.ኤክስኤልኤስኤክስ").አክቲቬት

ማክሮው በአንድ ፋይል ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ይህን መስመር አጥፉት። ፋይሉ ከፊት ስለተከፈተ ማስነሳት አያስፈልገውም። በመስመር መሀል «ወርክቡክስ» የሚል ቃልና በቅንፍ የፋይል ስም ካገኛችሁ ደግሞ፣ ቃሉን ከነቅንፉ አንስታችሁ «አክቲቭወርክቡክ» በሚለው ተኩት። ሁለቱ ቃላት ተያይዘው ነው የሚጻፉት። ብዙ ቦታ ካለ ኮንትሮልና ኤች ተጫኑና ሁሉንም በአንዴ ተኩ።

የሺት ስም። የፋይሉን ስም አስተካክለው «አሁንም እምቢ አለ» የሚሉኝ ሰዎች ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ከሒሳብ ሶፍትዌር ወይም ከአሻራ ማሽን የሚወጣ ሲኤስቪ ፋይል በኤክሴል ሲከፈት የሺቱ ስም የፋይሉ ስም ይሆናል። ስለዚህ ፋይሉ ስም በቀየረ ቁጥር ሺቱም ይቀየራል። መፍትሔው፣ «ሺትስ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ባለው ቅንፍ ውስጥ ስሙን ከነጥቅሱ አጥፍቶ 1 ብሎ መጻፍ ነው። «የመጀመሪያው ሺት» ማለት ነው። ወይም ጠቅላላውን «አክቲቭሺት» በሚለው መተካት ይቻላል።

የደረደራችሁት ነገር ካለ፣ ለምሳሌ በስም ቅደም ተከተል፣ የሺቱ ስም በተከታታይ መስመሮች ላይ ተደጋግሞ ይገኛል። «አክቲቭወርክቡክ» ከሚለው ጀምሮ የሺቱ ስም ቅንፍ እስኪዘጋ ያለውን በሙሉ «አክቲቭሺት» በሚለው ተኩ። መደርደር ላይ የረድፍ ቁጥሩም በቁርጥ ስለሚጻፍ፣ የመጨረሻውን ቁጥር በየቦታው ወደ 5000 ከፍ አድርጉት። ባዶ ረድፎች ሲደረደሩ ምንጊዜም ከታች ስለሚቀሩ ጉዳት የለውም። ከዝርዝሩ ሥር «ጠቅላላ ድምር» የሚል ረድፍ ካለ ግን ከሰዎቹ ጋር ይደረደራልና ድምሩን ከማክሮው በኋላ ጨምሩ።

8. የአማርኛ ስም ካለ

ይህን ለብቻው ያወጣሁት በውጭ ቋንቋ መመሪያዎች ላይ በቀላሉ ስለማታገኙት ነው። የኮድ መስኮቱ የግዕዝ ፊደል አይዝም። ኤክሴሉ ውስጥ አማርኛ በትክክል ይታያል፤ ማክሮው ውስጥ ግን እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ፋይላችሁ «ነሐሴ» ከተባለና ስሙ በማክሮው ከተቀረጸ፣ የሚጻፈው ሦስት የጥያቄ ምልክት ነው። እንዲህ ያለው ማክሮ በዚያው በተቀረጸበት ፋይል ላይ እንኳ አይሠራም። «ምንም ሳልነካው ተበላሸ» የሚሉት ይህን ነው።

ለፋይልና ለሺት ስም ደረጃ 7 ይበቃል፤ ስሙ ከጠፋ የጥያቄ ምልክቱም ይጠፋል። በቅረጻ ጊዜ የጻፋችሁት ርዕስስ? ሲ1 ላይ «ጡረታ» ብላችሁ ከሆነ ማክሮው በሚቀጥለው ወር «???» ብሎ ይጽፋል። ቀላሉ መንገድ ርዕሱን ባዶ ቅጻችሁ ላይ አስቀድሞ መጻፍ ነው። የግድ ማክሮው ይጻፈው ካላችሁ እንዲህ አድርጉ፦

- ቪው ውስጥ «አንሃይድ» ብላችሁ ፐርሰናል የሚለውን ፋይል አውጡ። የመጀመሪያው ሺት ኤ1 ላይ «ጡረታ» ብላችሁ ጻፉ።
- መልሳችሁ «ሃይድ» በሉት። ካልደበቃችሁት ኤክሴል በከፈታችሁ ቁጥር ከፊት ይደቀናል።
- ኮዱ ውስጥ የጥያቄ ምልክቶቹ ያሉበትን መስመር ፈልጉ። ከእኩል ይሆናል ምልክት በኋላ ያለውን አጥፍታችሁ ይህን ተኩ፦

ዚስወርክቡክ.ሺትስ(1).ሬንጅ("ኤ1").ቫሊዩ

«ዚስወርክቡክ» ማክሮው ያለበት ፋይል ነው፤ «አክቲቭወርክቡክ» ከፊት የተከፈተው ነው። እነዚህን ሁለቱን አታምታቱ። ፐርሰናል ውስጥ ባለ ማክሮ ላይ «አክቲቭወርክቡክ» ማለት ሲገባችሁ በስሕተት «ዚስወርክቡክ» ካላችሁ፣ ሥራው ሁሉ በድብቁ ፋይል ላይ ይሠራና ምንም እንዳልተደረገ ይመስላችኋል።

9. ማክሮው ሁለት ፋይል የሚነካ ከሆነ

ከየቅርንጫፉ የሚመጣውን ፋይል ወደ አንድ ማጠቃለያ የምትገለብጡ ከሆነ መስመሮቹን ዝም ብሎ ማጥፋት አይሠራም፤ ኤክሴል የትኛው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት። ማጠቃለያውን ኤክስኤልኤስኤም በሚለው፣ ማክሮ በሚይዘው ዓይነት ሴቭ አድርጉት። እሱን ከፊት አድርጋችሁ፣ በዚህ ጊዜ «ዚስ ወርክቡክ» የሚለውን መርጣችሁ ቅረጹ። ከዚያ ኮዱን ከፍታችሁ «ሰብ» ከሚለው የመጀመሪያ መስመር ሥር ሁለት መስመር ጨምሩ፦

ዲም ምንጭ አዝ ወርክቡክ
ሴት ምንጭ = አክቲቭወርክቡክ

«ምንጭ» ያልኩት እናንተ የምትሰጡት አጭር ስም ነው፤ በላቲን ፊደል ጻፉት። አሁን የቅርንጫፉ ፋይል ስም ያለበትን እያንዳንዱን የ«ዊንዶውስ» መስመር ይህን አድርጉት፦

ምንጭ.አክቲቬት

የማጠቃለያው ስም ያለበትን ደግሞ፦

ዚስወርክቡክ.አክቲቬት

አጭሩን ስም ጥቅስ ውስጥ አታስገቡት። ጥቅስ ከገባ እንደገና የፋይል ስም ይሆናል፤ ኤክሴልም «ምንጭ» የተባለ ፋይል ፍለጋ ይሄዳል።

ማክሮውን ስታስነሱ የቅርንጫፉ ፋይል ከፊት መሆን አለበት። «ሴት» የሚለው መስመር ከፊት ያገኘውን ነው «ምንጭ» ብሎ የሚይዘው። ማጠቃለያው ከፊት ሆኖ ብታስነሱት ራሱን በራሱ ላይ ይገለብጣል።

10. ፈትኑት

ስሙም የረድፉ ብዛትም የተለየውን ኮፒ ክፈቱ። በኮድ መስኮቱ ውስጥ ኤፍ8 ስትጫኑ ማክሮው አንድ አንድ መስመር ይሄዳል። መስኮቶቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚነካ ተመልከቱ። በሦስቱም ኮፒ ከሠራ በኋላ የመጨረሻው ሠራተኛ ጡረታው መሰላቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ወዲያው በኮድ መስኮቱ ውስጥ ፐርሰናልን መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤስ ተጫኑ። ኤክሴል ሲዘጋ «ፐርሰናል ላይ ያደረግኸውን ለውጥ ላስቀምጥ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ግን እኛ ጋ መብራት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሄደው። ያላስቀመጣችሁት ማክሮ አብሮ ይሄዳል። ሲጠይቃችሁም «ሴቭ» በሉ፤ ብዙዎች ስለ ሌላ ፋይል የተጠየቁ መስሏቸው አይሆንም ይላሉ።

የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

ቁጥር 9 የሚል ስሕተት። ማክሮው የጠራው ስም የለም ማለት ነው። «ዲበግ» የሚለውን ስትጫኑ ቢጫ የሚሆነው መስመር ውስጥ የቀረ የፋይል ወይም የሺት ስም አለ። ወደ ደረጃ 7 ተመለሱ።

ቁጥር 1004። ምክንያቱ ብዙ ነው። መጀመሪያ ሺቱ በፓስወርድ የተቆለፈ መሆኑን እዩ፤ ቀጥሎ ቢጫው መስመር የሚመርጠው ሴል ከፊት ባለው ሺት ላይ መሆኑን።

ከኢንተርኔት ወይም በኢሜይል የመጣ ኤክስኤልኤስኤም ፋይል ማክሮው ታግዷል ካለ፣ ፋይሉን ዝጉት። በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ» ግቡና ከታች «አንብሎክ» ላይ ምልክት አድርጉ። ይህን የምታደርጉት ላኪውን ስታውቁት፣ እሱም መላኩን ሲያረጋግጥላችሁ ብቻ ነው።

ማክሮው በሌላ ኮምፒውተር ላይ አይታይም። ፐርሰናል የሚቀመጠው በእናንተ የተጠቃሚ ስም ሥር ስለሆነ፣ በዚያው ኮምፒውተር ላይ በሌላ ሰው ስም ብትገቡም አታገኙትም። በኮድ መስኮቱ ውስጥ ሞጁሉን በቀኝ ክሊክ «ኤክስፖርት ፋይል» ብላችሁ በፍላሽ ውሰዱት። እዚያኛው ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ ማንኛውንም ትንሽ ማክሮ ፐርሰናል ውስጥ ቅረጹ፤ ፋይሉ የሚፈጠረው ያኔ ነው። ከዚያ «ኢምፖርት ፋይል» በሉ። አቋራጭ ቁልፉ ካልሠራ፣ አልትና ኤፍ8 ተጭናችሁ ማክሮውን ምረጡና «ኦፕሽንስ» ውስጥ እንደገና ስጡት። በአማርኛ የጻፋችሁት የኤ1 ርዕስም ከሞጁሉ ጋር አይሄድም፤ በአዲሱ ፐርሰናል ላይ እንደገና ጻፉት።